ስልኬን ያጠፋሁበት ሳምንት

አራት ጀልባ አለኝ፣ ዘጠኝ ሠራተኛ፣
አንድ ጭንቅላት ነበር፣ ሌሊት የማይተኛ።
«ጋሼ፣ ናፍጣው ስንት ይቀዳ?» ይላል አንዱ፣
ሌላው ይደውላል፦ «ተበጠሰ ገመዱ!»
ብሎን ለመግዛት እንኳ፣ ያለ እኔ ፈቃድ
ከባሕር ዳር ወደብ አንድም እግር አይሄድ።
ይህን ነበር እኔ «መምራት» የምለው፣
ሰው እጁን አጣጥፎ አፌን የሚያየው።

ከዚያ የዓይኔ ሞራ። ሐኪሙ ሲያሽገኝ፣
«ሳምንት ሙሉ ስልክ እንዳይነኩ» አለኝ።
ጨለማ ውስጥ ተኝቼ ሞተር እቆጥራለሁ፣
ጀልባዎቼን አሁን በጆሮ አውቃለሁ።
በአራተኛው ቀን ግን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ፣
ወደቡ ዝም አለ፣ እንደ ሰው አዝኖ።

ፋሻው ሲፈታልኝ መጀመሪያ ያየሁት መዝገቡን ነው፦
«ለሠርገኞች ተመላሽ፣ ዐሥራ ስምንት ሺህ።»
ከሥሩ የይበልጣል ፊርማ፤ የዚያ ገመድ ሲያስር የኖረ ልጅ።
«ማን ፈቀደልህ?» አፌ ላይ ደርሷል።
እሱ በጣቱ ወደ ዘጌ ጠቆመኝ፦
«ደመናው በዚያ ሲመጣ ነፋሱ አይምርም፤
ሃምሳ ሰው ነበሩ፣ ሙሽራዋም ዋና አታውቅም።»

ምላሴን ነከስኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ
መልሱን እኔ ስሰጥ መቼስ ያሰላስሉ?
ቁልፉን ካንገቴ አውልቄ ሰጠሁት፤
(አልዋሽም፣ አንዴ ነጥቄው ነው ዳግም የሰጠሁት።)
አሁንም ይሳሳታል። ማክሰኞ አንድ ሞተር አቃጠለ፤
«ምን ተማርክ?» አልኩትና ዝም አልኩ፤ ዝምታው ከበደኝ።
ትናንት ያንኑ ጥያቄ ትንሹን አትንኩትን ሲጠይቅ ሰማሁት።

ዛሬ አንድ ደንበኛ፣ ገንዘቡን እንደያዘ፣
«ከሁለታችሁ» አለ፣ «በሥልጣን ማን ይበልጣል?»
እኔ ገመድ እያሰርኩ መለስኩለት፦
«ይበልጣል።»