ከክዳኑ ሥር

ትራሙ ታጥፎ በሚያቃስትበት፣ በኮልካታ አንድ ጠባብ መንገድ፣
አለ ኒሩፓም ሳማዳር፣ ብዕር ሲፈታ፣ ሲገጥም፣ ሲሞርድ።
እኔ ለማጁ ነኝ፤ ሥራዬ መብራት መያዝ፣ ጣራው ሲያፈስ ባልዲ ማስቀመጥ፣
የአሮጌ ብዕር ክዳን ከአሮጌ ብዕር ገላ መምረጥ።

«በዓይንህ አትቸኩል» ይለኛል፤ «ዓይን ወረተኛ ነው፣ ይሸነገላል፤
በአውራ ጣትህ እሸው እስኪሞቅ፤ ከዚያ አሽትተው፤ ይናገራል።
ድኝ ከሸተተህ ጠጣር ጎማ ነው፣ የአያቶቻችን ዘመን ሥራ፤
ካፉር ከሸተተህ ሴሉሎይድ ነው፤ ከእሳት አርቀው፣ አደራ!
ምንም ካልሸተተህ ፕላስቲክ፤ እሱንም ቢሆን አትናቀው፣
ለተማሪ ልጅ ስጠውና ሒሳቡን ይሳሳትበት፣ ይልመደው።»

የእባብ ለምድ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ የተሰነጠቀ በረዶ፤
ካታሎግ በቁጥር የሚያውቀውን እሱ በስም ነው የሚጠራው፣ ለምዶ።
ማንጠልጠያ ቢለወጥ ያውቃል፤ ክዳን ከባዕድ ገላ ቢጋባ፣
«ይህቺ ሙሽራ የዚህ ቤት አይደለችም» ይላል፣ ሻጩ አፍሮ ብዕሩን ኪሱ እስኪያስገባ።
ስለ ኪራይ ዋሽቷል፤ ስለ ሳሉም፤
አርባ ዓመት ሙሉ ስለ ብዕር ግን አልዋሸም።

በሐምሌ አንድ ረቡዕ፣ ውሃው እስከ ደረጃው ሲሞላ፣
ሸፋሊ ካንጂላል መጣች፤ ጫማዋን በእጇ፣ ብዕሩን በፌስታል ጠቅልላ።
«የአባቴ ነው። የወደብ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበረ፤
አለቃው ለታማኝነቱ ሸለመው፤ እስኪሞት ከደረት ኪሱ ሳይወጣ ኖረ።
ሞዴሉን ብቻ ንገሩኝ፤ የልጄ ሠርግ ደርሷል፤
ከነታሪኩ ልሰጣት ነው፤ ወረቀቱ ተጽፎ ስሙ ብቻ ቀርቷል።»

ሳማዳር ተቀበላት። የወይራ መልክ ነበረው፣ የደበዘዘ፤
ክዳኑን ሲፈታው ግን፣ ፀሐይ ባልነካው ቦታ፣
ጥቁሩ ከቀዩ እንደ ማዕበል ተያያዘ።
«ከላይ ያየኸው ዕድሜው ነው» አለኝ፤ «መልኩስ እዚህ ነው፣ ከክዳኑ ሥር።»
እኔም መብራቱን ዝቅ አደረግሁ፤ ቃል የለኝም ነበር።

«ግራኝ ነበሩ አባትሽ?» አላት፣ ምላሱን በማጉያ እያየ።
«ኧረ! በግራው ውሃ ጠጥቶ አያውቅም» ብላ ሳቀች፤
የእሱ ፈገግታ ዘገየ።

ከዚያ ጠመኔ አወጣ።
የደከመ ጽሑፍ ጠመኔ ሲቀባ ከጉድጓዱ ነጭ ሆኖ ይነሣል።
ቀባ፤ ጠረገ፤ መብራቱን አስጠጋሁ፦
የፋብሪካው ማኅተም፤ ከማኅተሙ ሥር በእጅ የተቀረጸ
የሌላ ሰው ስም፣ ከነማዕረጉ፤
በቢላ ጫፍ ሊፋቅ የተሞከረ፤
ከፊደሎቹ አንዱም አልጠፋም።

እሷ ጎንበስ ብላ የሳሪዋን ጠርዝ ትጨምቅ ነበር፣ ከዝናሙ፤
የሳማዳር አውራ ጣት ወረደ። አንዴ አሸ።
ጠፋ ጠመኔው፤ ጠፋ ስሙ።

«ሞገዳማ ቀይና ጥቁር ነው» አላት፤ «ከረጢቱ ይታደሳል፤
ጥሩ ብዕር ነው፤ ወርቁም ወርቅ ነው፤ ሌላ ምን ይባላል?»
«ስለ አባቴስ? ምንም አይልም?»
«ብዕር» አለ፣ ፌስታሉን እያጠፈ፣ «ስለ ሰው አይመሰክርም።»

ማታ መዝገቡን ገለጥሁ። በዚያ ጥንቁቅ የእጅ ጽሑፉ፦
«ቁጥር ሁለት ሺህ መቶ አሥራ ሰባት። ጠጣር ጎማ። ሞገዳማ።
በገላው ላይ ያለው፦ አይነበብም።»
እኔ አንብቤዋለሁ። እስከ ዛሬ በቃሌ ነው፤
አልናገርም።

እሱ ከበሩ ቆሞ ሻዩን ጨረሰ፤
የሸክላ ስኒውን እንደ ሰፈሩ ልማድ ከመንገዱ ጥሎ ሰበረ።
ከስባሪው በአንዱ ላይ ነጭ የአውራ ጣት አሻራ
ዝናሙ እስኪደርስበት ድረስ ነበረ።