የታሸገው ፖስታ

ቤርሳቤህ ማለት የመሐላ ጉድጓድ ማለት ነው አሉ፤
«ውኃው የኔ ነው፣ የኔ» ሲባባሉ ኖረው ሰዎቹ ማሉ።
እኔ በዚችው ከተማ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣
አስተርጓሚ ነኝ፤ ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ
ችግሩን ከአማርኛ አንሥቼ ወደ ዕብራይስጥ አሻግራለሁ፤
መንገድ ላይ የሚፈሰውን ማን ያውቃል? እኔ አውቃለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት አባ ጓንጉል ገቡ ከነባርኔጣቸው፣
የታሸገ ፖስታ ደረታቸው ላይ፣ በሁለት እጃቸው።
«ሌባ አለ» አሉ። «ወፌን የቆሎ ከረጢት ላይ አትሟል፤
እኔ ሞኝ አይደለሁም፣ ይኸው፣ አሥራ አንድ ዓመት ታሽጓል።
ራሴ ለራሴ በአደራ ደብዳቤ ልኬው ደረሰኝ፤
ማኅተሙን እዪው። ሕግ ማለት ይኼ ነው ብሎ አንድ ሰው ነገረኝ።»

አንድ ሰው! በዚህ ሰፈር ስንቱን ነግሯል ያ አንድ ሰው፤
ጠበቃ አይደለም፣ ስም የለው፣ ከሁሉም ቤት ግን የሚደርሰው።
ፎቶ አንሺውን «ኢንተርኔት ላይ ያለ የሜዳ ሣር ነው» ብሎታል፤
ዳቦ ጋጋሪዋን «ከመቶ ሠላሳውን ቀይሪ፣ ያንቺ ነው» ብሏታል፤
ለአዳራሹ ሰውዬ «ክቡ ውስጥ ያለችው ፊደል ከሌለች ጌታ የለውም»፤
ለልብስ ሰፊው «የባለቤቱን ስም ከጠራህለት ማንም አይከስህም»።

ይስካ፣ ጠበቃዋ፣ ወጣት ናት፤ እዚሁ ሶሮካ የተወለደች፤
አማርኛዋ ከእራት ገበታ አያልፍም። ፖስታውን አይታ ተነፈሰች።
«ንገሪያቸው» አለች፤ «መብቱ የተወለደው ቀለሙ ሲደርቅ ነው፤
ፖስታ ቤት አያዋልድም።» ነገርኳቸው። ደስ አላቸው።
ከዚያ ቃሉ ላይ ስደርስ ነገር ተበላሸ፤
«የቅጂ መብት» ስላቸው ፈገግታቸው ሸሸ።
«ቅጂ? የምን ቅጂ? ዋናው በእጄ እያለ
ማን ቅጂ ጠየቀ? ቅጂማ የሌባው አይደለ?»

እውነታቸውን ነው። በዕብራይስጡ «የሠሪዎች መብት» ነው፤
ሸክላ ሠሪም በዚያው ቃል ይጠራል፣ ጭቃውን የሚያቦካው።
በእኛ መብቱ ከሠሪው ርቆ ቅጂው ሥር ተጠግቷል።

«የከረጢቱ ስምስ?» አሉ። «ስም ሌላ በር ነው» አለች ይስካ፤
«የንግድ ምልክት ይባላል፤ በሌላ ሚዛን የሚለካ።
ሁለት ጭራ ያላት ወፍ ማሰብም አይከለከልም፤
የሚጠበቀው መስመሩ ነው፤ ሐሳብ አጥር የለውም።
የሌባውን ስም ይንገሩኝ፣ ማስጠንቀቂያ ልጻፍለት።»
አባ ጓንጉል ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት፣
አንዴ፣ ሁለቴ።
«ኤሊያቭ» አሉ። «ልጄ ነው።»

አየር ማቀዝቀዣው ብቻ ይጮኻል።
ይስካ መቀስ አቀበለቻቸው።
ወፏ በመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ላይ ናት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣
አንገቷን ወደ ኋላ ጠምዝዛ የሆነ ነገር እንደ ጠራት ሁሉ፤
በጥጉም በኡልፓን የተለመዱ፣ የተንጋደዱ አራት ፊደላት።
«የሥዕሉ ባለቤት እርስዎ ነዎት?» ብላለች በያቸው፣ አልኳቸው።
«ባለቤቴ ናት» አሉ።
በዚያ ጠዋት ሳይፈስ የተሻገረ አንድ ቃል ቢኖር እርሱ ነው፣
በእኛ ቋንቋ ሚስትም የንብረት ጌታም አንድ ስም ስላላቸው።
«ይታይሽ። ሆስፒታል ተኝታ ሣለቻት። እኔማ ላኪ ነኝ።
ልጁ ለምን ሸጠ አላልኩም፤ ይሽጥ፤ ከረጢቱን ግን ገልብጬ አየሁ፤
የጨዉ ልክ ተጽፏል፣ የፋብሪካው ስልክ ተጽፏል፤ ስሟን አጣሁ።»

ይስካ እያንዳንዱን ቃል እንደ ዕንቁላል እጄ ላይ አኖረች፦
መብቱ የእርሷ እንደ ነበር፣ አሁን የወራሾቿ እንደሆነ፣
ኤሊያቭም ወራሽ እንደሆነ፤
ሠሪ በሥራው ላይ ስሙ ሊጠራ እንደሚገባ፣
ለዚህም ከክስ በፊት ከረጢቱ ላይ አንድ መስመር እንደሚበቃ፤
ዘመኑም ከሞት በኋላ ሰባ ዓመት መሆኑን።

«ሰባ?» በጣታቸው ቆጠሩ። «አሥሩ አልፏል።
ስልሳ ቀርቶሻል በያት።»
ይስካን ይሆን? ዝም አልኩ።

ወፏን መልሰው ከተቱ፤ ሙጫ ጠየቁ።
«አባ፣ ሕጉ እኮ አይፈልገውም» አልኳቸው።
«ለሕጉ መች አልኩሽ» አሉ፣
ጠርዙን በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ።