ተለዋጭ ቀጠሮ

ሥራዬ መጥራት ነው፤ ልደታ ፍርድ ቤት፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከችሎቱ በር ፊት፦
“ከሳሽ እገሌ! ተከሳሽ እገሊት!”
ሃያ ሁለት ዓመት፣ በዚች አንድ ጩኸት
ስንቱን አስገባሁት፣ ስንቱን አስወጣሁት።

ሐምሌ መጨረሻ፣ ችሎት ሊዘጋ ሲል፣
ድምፄ ከሰዓት ላይ ይከዳኝ ጀመረ፤
ጠዋት ደወል ሆኖ፣ ስምንት ሰዓት ሲሞላ
ባፍንጫዬ ወጥቶ ደጃፍ ላይ ቀረ።
የግራ ዐይኔ ቆብ፣ እንደ ሱቅ መዝጊያ፣
ሳላዘው ይወርዳል፤
“የት አምሽተህ ነው?” ብሎ ዘበኛው
በጎን ይስቃል።

አንድ ሽማግሌ፣ ከአግዳሚው ጫፍ ላይ፣
ብጠራ ብጠራ ስማቸው ሳይሰማ
መዝገቡ ተዘጋ።
“ሳልጠራ?” አሉኝ ወጥተው፣ ባርኔጣቸው በእጅ።
ጠርቻለሁ አባቴ፤ ድምፄ ነው ያልጠራው።
(ስሜ ደግሞ ተሰማ።)

ጥቁር አንበሳ፤ ዶክተር ፈቲያ፣
ዕድሜዋ የልጄ፣
በላስቲክ ጓንት በረዶ ቋጥራ
ከዐይኔ ቆብ ላይ አስያዘችኝ በእጄ።
ሁለት ደቂቃ። አነሣሁት። ዐይኔ
ወለል ብሎ ታየ።
በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ምስክር
የትኛው ችሎት አየ?
ሳይምል የመሰከረ፣
ቃሉን ሰጥቶ ሲጨርስ ቀልጦ የቀረ።

ከዚያ ሲቲ ስካን።
“ከደረት አጥንትዎ ኋላ፣ ከልብዎ በላይ፣
ታይመስ የምትባል እጢ አለች” አለችኝ፣
“ለልጅነት ደም ትምህርት ቤቱ ናት፤
ይህ የራስህ፣ ይህ ባዕድ፣ ብላ ወታደር ታስተምራለች።
ልጁ ሲያድግ ጮማ ሆና ትከስማለች።
የእርስዎ ግን...” ብዕሯ ቆመ
ሎሚ በሚያህል ጥላ ላይ።

ገባኝ። ጡረታ እምቢ ያለች አስተማሪ!
ተማሪ በሌለበት ደወል ደዋይ፣
የተንሻፈፈ ፊደል አስቆጣሪ።
ወታደሮቼ ወጥተው ከጡንቻዬ ደጅ
መጥሪያ ይመልሳሉ፤
“ዋጥ” የተባለውን ጉሮሮ፣ “ግለጥ” የተባለውን ዐይን
ትእዛዙን በር ላይ ይቀድዱበታል።
ከሳሽ፦ ተሰማ ይርዳው። ተከሳሽ፦ ተሰማ ይርዳው።
እንዲህ ያለ መዝገብ ጠርቼ አላውቅም።

“ብዙ ሰው አለበት?”
“ብርቅ ነው” አለችኝ።
ብሔራዊ ቴአትር ጥግ፣ በየደሞዜ፣
ሎተሪ ስቆርጥ የኖርኩት ሰውዬ
ያልቆረጥኩት ወጣልኝ።

ኪኒኑን ፍለጋ ከስታዲየም ፒያሳ
አስካለ ዞረች፤
“የለም”ን ከአሥራ አንድ አፍ ሰምታ
ተክለ ሃይማኖት ላይ ሃያ ፍሬ አገኘች።
በቀን አራት፣ አራት፤
ለአምስት ቀን ከሰዓቴን መልሼ ተከራየሁ።

ዶክተር ጉርሜሳ፦ “በመርፌ አንነካትም፤
ሽፋኗ ከተቀደደ ዘሯን ትበትናለች።
ደረትዎን ከፍተን ከነልብሷ እናወጣታለን።”
ስለ መጋዙ አልጠየቅሁም።

ቀኑ ደረሰ። ኮሪደሩ ላይ
አረንጓዴ የለበሰች ልጅ፣ ወረቀት ገልጣ፦
“ተሰማ ይርዳው!”
ስጠራ ኖሬ ኖሬ፣ እኔ ስጠራ
“አቤት” ከጉሮሮዬ አልወጣ።
“አቤት!” አለች አስካለ፣ “አቤት! አለ! እዚህ ነው!”
ችሎት በሚያስነሣ ድምፅ።

ብይኑ በሦስተኛው ሳምንት መጣ፦
ታይሞማ፣ ቢ ሁለት፤
በአንድ ጎን ከሽፋኗ ሾልካለች፣ ጤፍ ታህል።
ለጨረር ወረፋ ያዝኩ፣ ጨረሩ ደረሰ፣ አለቀ።
“ድኛለሁ?” አልኳት ፈቲያን።
“በየስድስት ወሩ በምስል እናያለን።”
ተለዋጭ ቀጠሮ። የምኖርበት ቋንቋ ነው፤ አላስተረጎምኩም።

በዓመቱ ጥቅምት፣
የሽማግሌው መዝገብ ተንቀሳቅሶ ቀረበ።
ረፋድ አራት ሰዓት፣ ድምፄ ገና ሙሉ፣
አንድ እጄን ከሸሚዜ በላይ ጠባሳዬ ላይ አድርጌ
ስማቸውን ከነአያታቸው ጠራሁ።
ሳይቸኩሉ ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣
“ኧረ ቀስ!” አሉኝ ሲያልፉ፣
“ደንቆሮ አይደለሁም።”