ከኋላ ምን ይሁን

ጨርቅ ተራ ቆሜ ከሁለት ጥቅል ፊት፣
አረንጓዴ በቀኝ፣ ሰማያዊ በግራ፣
ሻጩ ሜትሩን ይዞ ይስቅብኛል፤
"ጋብቻ አይደለም፣ ጨርቅ ነው፣ አትፍራ!"

አልገባውም እሱ፤
የምገዛው ጨርቅ እንዲታይ አይደለም።
እንዲጠፋ ብዬ፣ በኮምፒውተር ታጥቦ
እንዳልነበር እንዲሆን የምገዛው ቀለም።

አረንጓዴው ደማቅ፣ በጥቂት አምፖል ያድራል፤
(ሦስት አሉኝ፣ አንዱ የጎረቤት ውሰት)
ግን ተጠግተው ከቆሙ ጨርቁ ይረጫል፣
ጉንጭ ሥር ይገባል፣ አገጭ ሥር፣ አንገት፤
ባለፈው ሙሽራ ሐሞቷ የፈሰሰ
መስላ ወጣችብኝ በሠርጓ ዕለት።

ሰማያዊው ጨዋ ነው፣ ፊት ላይ አይረጭም፣
የፀጉርን ዳር አውቆ ከጫፉ አይነጭም፤
ግን መብራት ይወዳል፤
መብራት ደግሞ እኛ ጋ፣ ቱሉ ዲምቱ ዳር፣
እንደ ሀብታም ዘመድ
ሲያሻው ብቅ ይላል እንጂ አያውቅም ማደር።

ደንበኞቼን ቆጠርኩ።
ሰኔ ሲጋመስ የአጸደ ሕፃናት ምሩቃን ይመጣሉ፣
ካባቸው ሰማያዊ፣ ቆባቸው ሰማያዊ፤
በሰማያዊ ፊት ባቆማቸው እኔ
ሠላሳ ፊት ብቻ፣ ሠላሳ ሰርተፊኬት
አየር ላይ ሲንሳፈፍ፣
"ልጄስ?" ትላለች እናት፣ "ሙሉውን የከፈልኩለት?"

ሙሽሮች ደግሞ አሉ፤ የቀሚሱ ጥለት
አረንጓዴ የሆነ ከደረት እስከ እግር፤
በአረንጓዴ ፊት ባቆማት፣ ጥለቱ
ቀዳዳ ይሆናል፣ በቀዳዳው ባሕር፣
በባሕሩ መርከብ፣ እምብርቷ ላይ ሊያርፍ።

"ሰማያዊ ነገር ማን ይጠላል?" አለኝ
ሻጩ ሊገላገል።
እውነቱን ነው፤ ግን ሰማያዊ ነገር
ስብከት ላይ ነው እንጂ ኪራይ መቼ ሊከፍል።

እጄን የያዘኝ ግን ካባም፣ ጥለትም አይደል።
ኦቦ ሁንዴሳ ናቸው።
ማክሰኞ ከሰዓት
የቦት ጫማቸውን ጭቃ ደጄ ላይ አራግፈው
"ፎቶ" አሉኝ፣ "ትልቅ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል።"

"ከኋላ ምን ይሁን?" አልኩ እንደ ልማዴ፤
"ዱባይ አለ፣ ፏፏቴ፣ ምንጣፍ ያለው ደረጃ፣
ነጭ መኪናም አለ፣ በሩ የተከፈተ..."
በመስኮቴ በኩል ጣታቸውን ቀሰሩ፤
"ያ፣ አሥራ ሦስተኛው ሕንፃ የቆመበት
ባቄላ ነበረ።
ባቄላው ይሁንልኝ።"

ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁ፤ የሰው አገር ባቄላ፣
መስመሩ በክር የተለካ፣ አንድ አረም የሌለው።
"ይሄ የኛ አይደለም" አሉ፣ "የኛ አረም ነበረው።"
ከልጃቸው ስልክ ውስጥ አንዲት ብዥታ ወጣች፤
ዳሯ ላይ የአህያ ጆሮ፣ የጣት ጥላም አለባት፤
አበባው ሲፈነዳ ነው።
ወሰድኳት።

የተዋስኩት አንሶላ አረንጓዴ ነበር፣
ሹራባቸውም እንዲሁ። ልብ አላልኩም እኔ።
ቀለሙን ሳነሳ ሹራቡም ተነሳ፤
ከአንገት በላይ እሳቸው፣ እጆቹም እሳቸው፣
በመሐል ባቄላ፣
ከጎን እስከ ጎን አብቦ በደረታቸው።

"ይቅርታ" አልኩ፣ "ሹራቡ ነው፤ ነገ ቀይረው ይምጡ።"
ዝም አሉ። ቀረብ አሉ። መነጽራቸውን ጠረጉ።
"ተወው" አሉኝ፣ "እንዳለ አትመው።
ቅዳሜ ደግሞ ባለቤቴን ይዤ እመጣለሁ፤
የእሷም ሹራብ እንዲሁ ነው።"

ይኸው፣ ዛሬ ዓርብ ነው።
ሻጩ መቀሱን አንስቷል፤ ሊዘጋ ነው።
"የቱን?"
"አረንጓዴውን።"
(ሙሽሮቹ ነጩ ግድግዳ ጋ ይቁሙ።)
"ስንት ሜትር?"
አሰብኩ።
"ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያቆም" አልኩት፣
"ዳር ዳሩን ሰፋ አድርግልኝ።"