ድዳሙ ስሙኒ

ማክሰኞ በጠዋት፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣
ከልጄ ከምዕራፍ ክፍል ትርምስ ውስጥ፣
ዴንቨር፣ ኮልፋክስ ላይ ሰልፍ ይዘን ቆምን፤
ገንዘብ ሊያሳዩን ነው፣ ኪስ አራግፉ አሉን።

አውሮራ ላይ ያለ ልብስ ማጠቢያ ቤቴን
ስሙኒ ነው ያቆመው፤ አሥራ ሁለት ማሽን
ሲጎርሰው ይውላል። ማታ ሆዱን ከፍቼ፣
ጣቴ ከሰል እስኪሆን ነጩን ቆጥሬ፣ ሰልችቼ፣
ከየት ይሆን የመጣው ብዬ አላውቅም አንድ ቀን።

አስጎብኚው ሃሎራን፣ ድምፁ የሻከረ፣
ከመስታወቱ ማዶ ጣቱን እየቀሰረ፦
«ያ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ የቆመው፣
ላይ ላዩ ነጭ ብረት፣ መሀሉ መዳብ ነው።
ይበሳል፤ ክብ ክቡ ይረግፋል ወደ ታች፤
የቀረው ወንፊት ይቀልጣል፣ አይጣልም አንዳች።
ክቡ እሳት ይገባል፤ ካልለሰለሰ ልቡ
መልክ አይቀበልም።»
ቀጥሎ መታጠብ ነው። እዚህ ጋ ምዕራፍ አየችኝ፤
«እንደኛ ቤት!» ብላ እጄን ጎተተችኝ።

ከዚያ ጠርዙ ይነሳል። ከዚያ ሁለት ማኅተም
ፊትና ጀርባውን ሲመቱት፣ ዘውድም ጎፈርም
በአንድ ቅጽበት ይወጣል። እንዲህ ያለ ግጥም
አይቼ አላውቅም።

«ጥርሱስ ለምንድን ነው?» አለ፣ ጥርሱ የወለቀ
አንድ ትንሽ ልጅ። ሃሎራን ሳቀ፤
«ድሮ ብር ሳለ፣ ሌባ ጠርዙን እየፋቀ
አስቸገረ። ጥርስ ያለው ሲፋቅ ያስታውቃል።»

ከኪሱም አወጣ አንድ የተጨፈለቀ፣
ጠማማ ሆኖ ወጥቶ ሳይሸጥ ሳይለወጥ ያለቀ።
ምዕራፍ በመዳፏ ይዛ አገላበጠችው፤
«ጥፋቱ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው።
ሃሎራን ሰዓቱን አየ።

ማታ፣ ሰባተኛው ማሽን
የሽማግሌውን የኦቾዋን ሳንቲም
መልሶ ተፋው። ሦስቴ። አራቴ።
አነሳሁት። አፍንጫው የለም፤
ጥርሱ አልቆ ጠርዙ እንደ ከንፈር ለስልሷል፤
ካንገቱ ጎን ግን አንዲት «ዲ» ትታያለች፤
ዴንቨር፣ እዚሁ፣ ጥቂት ማይል ወዲያ ተወልዷል።
ይኼንን ሌባ አልፋቀውም፤
ሲሰጥ፣ ሲሰጥ ነው ያለቀ።

አዲስ ሰጠሁት ለኦቾዋ። ማሽኑ ጎረሰ።
ሽማግሌው ሳቀ፤ የፊት ጥርስ የለውም እሱም።

ድዳሙን ስሙኒ ጠረጴዛው ጥግ አኖርኩት።
ምዕራፍ ዐሥር ዐሥሩን እየደረደረች፣
«እሱንም ልቁጠረው?» አለች።
ቁጠሪው አልኳት።