በላጲስ የጠፋ ምድጃ

የቤታችን ንድፍ ጠረጴዛ ላይ አድሮ፣
ጫፉ በጨው ዕቃ፣ በሹካ ታስሮ፣
ማልደን ስናየው፣ ሳሎኑ መሐል
አንድ ትንሽ ሣጥን በእርሳስ ተስሏል።

«ምድጃ ነው» አለ፣ ሊሳንድሮ ባሌ፤
ላጲሱን አነሣሁ፣ ይኸው ነበር ቃሌ።
በማግሥቱ ሣለው። ደግሞ አጠፋሁት።
ወረቀቱ ሳሳ፤ በጣቴ ዳሰስኩት።

ኮያይኬን ያላየ በእኔ እንዳይፈርድ፤
ሸለቆው ድስት ነው፣ ክዳኑም ብርድ።
በሐምሌ አመሻሹን ሺህ ጣራ ሲያጨስ
ጭሱ የት ይደርሳል? ወደኛው ሊመለስ።
የልጄ የማይቴ ደረቷ ያፏጫል፣
ሌሊቱ ሲጋመስ ፉጨቱ ይበልጣል፤
ትራስ ደርቤላት፣ መብራት አደብዝዤ፣
ስንቱን ሌሊት ገፋሁ እስትንፋሷን ይዤ።

እሱስ ምን በደለ?
አባቱ ኦኖፍሬ እንጨት ሲሸጥ ኖሮ፣
የሌንጋ ግንድ ፈልጦ፣ በበሬ ጋሪ አስሮ፣
ስድስት ልጅ አብልቷል ከመጥረቢያ ስለት፤
ባሌ አራተኛው ነው፣ ያደገ በእሳት ፊት።
«እሳት የሌለው ቤት ሆቴል ነው» ይለኛል፣
«ሙቀት ከሽቦ ይመጣል፣ ወሬ ከየት ይመጣል?»
ለዚህስ መልስ የለኝ።

እህቱ ኔሪና በስልክ «ምን አለበት፣
መስታወት ውስጥ የሚነድ ይሸጣል፣ በመብራት፤
ጭስ የለው፣ አመድ የለው፣ ግሩም ነው» ስትለው፣
«እሳት አመድ ይወልዳል፤ ያንቺው ግን መካን ነው»
ብሎ ሳቀ። ለአፉ ነው የሳቀው።

ግንበኛው ባውዲሊዮ መካከላችን ቆሞ፣
እርሳሱን ከጆሮው አወረደ ደግሞ፣
«ሰኞ ጣራው ሊቆም፣ ቁርጡን ንገሩኝ፤
ቀዳዳ ልተው ወይስ ልድፈን? አትጎትቱኝ።»

እሑድ ሌሊት ደግሞ ሳሏ አገረሸ፤
ተራው የሱ ነበር። አልጠራኝም። ሌሊቱ ሸሸ።
ጠዋት ስነሣ ሣጥኑ ጠፍቷል ከንድፉ፤
የላጲሱ ብናኝ ታየኝ በእጅጌው ጫፉ።
አልተናገርንም። ባውዲሊዮ መጣ፣
ጣራውን መታና ሒሳቡን አወጣ።

አሸነፍኩ ይባላል። ይባል፣ ምን ቸገረኝ።
ሰኔ ሳያልቅ ግን በረዶ ሰበረኝ፦
ሽቦው ተበጠሰ፣ መብራቱም ሄደ፤
አዲሱ ቤታችን ከደጅ ይልቅ በረደ።
ከማዶ ባልቴቷ፣ ዶኛ ኤርሜሊንዳ፣
አምና ስለ ጭሷ የጮኽኩባት በሜዳ፣
«ኑ» አለች በእጇ። እሳት እንደሚጭር
ሰው፣ ቶሎ ልንመለስ፣ ገባን በሷ በር።

ቶሎ አልተመለስንም።
ሊሳንድሮ እጁን ዘረጋ ወደ ነበልባሉ፤
የሁለቱን በሬ ስም፣ የጋሪውን አመሉን፣ ሁሉን
አንድ በአንድ አወጣው፣ እንደ ፍልጥ ከክምር፤
አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ሰምቼው የማላውቅ ነገር።
ማይቴ ሳቀች። ደግሞ ሳለች። ደግሞ ሳቀች።
መሐረቤን ከአፏ አንሥታ «ቀጥል አባዬ» አለች።
ሳሉን እቆጥር ነበር፣ እንደ ልማዴ፤ ሳቁንም አብሬ፤
የቱ እንደበለጠ አልያዝኩም፤ መሐል ላይ ጠፋኝ ቁጥሬ።

አራተኛው ቀን ላይ መብራት ተመለሰ፤
እጄ ከመሳቢያው ንድፉ ጋ ደረሰ።
ለመስኮት ዘረጋሁት። ላጲስ ባሳሳው፣
እኔም እሱም ደጋግመን ባሸነው፣
ብርሃኑ ያልፋል፤ ከቤቱ ሁሉ በላይ
ያቺ ሣጥን ብቻ ፍም ትመስላለች ሲታይ።
መዳፌን አስጠጋሁ። ቀዝቃዛ ነች፣ ወረቀት።
አጥፌ ከተትኳት። ማሞቂያውን ከፈትኩት።