የምሰሶ ጉድጓድ

ጃፓን አገር ሳለሁ፣ ከሩዝ ማሳ ጥግ፣
አንድ በጋ ሙሉ በጉልበቴ ስድህ
የፈለግሁት ግንብ፣ ወይ ወርቅ አልነበረም፤
ጠቆር ያለ አፈር ነው፣ ክብ፣ ሰፌድ የሚያህል፤
ምሰሶ የቆመበት፣
ምሰሶ የበሰበሰበት።
የጠቅላይ ግዛት መዲና ነበር አሉን፣ ከሺህ ዓመት በፊት።
ዛሬ ነጭ ጠጠር ለብሶ፣ አጫጭር ግንድ ተተክሎበት፣
ማንም ሳይሠራበት፣
ባዶነቱ ታጥሮ ይጎበኛል።

ይህን ለአባቴ ነገርኩት፣ ሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ሥር።
አቶ ዱካለ፣ የቀድሞው ክፍለ ሀገር መዝገብ ቤት ሹም፣
ከዘራውን አነሣ። "ነይ" አለኝ።

ቆርቆሮ አጥር ጋ ደረስን። ከአጥሩ ወዲያ
ባለ ስምንት ፎቅ ሆቴል ሊሆን የተቆፈረ ጉድጓድ
ውሃ አቁሯል፤ ሐይቁ ከሥር ሰርጎ መጥቶ።
"እዚህ ጋ የገንዘብ ያዥ መስኮት፣" በከዘራው አፈር ጫረ፣
"እዚህ ጋ አግዳሚ፣ ባለጉዳይ የሚያንቀላፋበት፤
የኔ በር ደግሞ…"
ቆጠረ። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፤
አስፋልቱ መሐል ደርሶ ቆመ።
ባጃጅ ጡሩንባ ነፋችበት፣ ዞረችው፣ ሄደች።

"እና ምን አገኛችሁ?" አለኝ፣ እዚያው እንደቆመ።
እንጨት፣ አልኩት። ጣት የሚያህል ሰሌዳ፣ ቀለም የነካው።
ጸሐፊው ሲሳሳት በቢላ ይፍቅና ደግሞ ይጽፍበታል፤
ፍቅፋቂው ጭቃ ውስጥ ወድቆ፣ እርጥበቱ ጠብቆት ኖረ።
"ምን ይላል?"
እገሌ፣ ከእገሌ መንደር፣ ሁለት ቁና ሩዝ ይቀርበታል።

ሳቀ አባቴ፣ በቀሩት ሦስት ጥርሶቹ።
"እንጨት ሲበሰብስ ዕዳ አይበሰብስም በያ!"
ከዚያ ዝም አለ።
"ቡንኩራ የሚባል ሰው ነበር፣ ከቱላ በእግሩ የመጣ።
ለመሬት ግብሩ አንድ ብር ከስሙኒ ጎደለው።
ከኪሴ ልሞላለት እችል ነበር።
'ይቀርበታል' ብዬ ጻፍኩ፤ በቀይ።
መዝገቡን በለውጡ ጊዜ በጭነት መኪና ወሰዱት፣
ስኳር ተጠቅልሎበት ይሆናል፤
ቀይዋ መስመር ግን እዚህ ናት፣"
አስፋልቱን በከዘራው መታው።

የሆቴሉ ዘበኛ ቆርቆሮውን ገለጥ አድርጎ፣
"ምን ጠፋባችሁ፣ አባት?"
"በር፣" አለ።
ዘበኛው ጎንበስ ብሎ መሬቱን ፈተሸልን፤
የበር ቁልፍ መስሎት።

እኔ በተገለጠው በኩል የጉድጓዱን ግድግዳ አያለሁ፤
ቡኒ፣ ቡኒ፣ አመድማ፣
ከዚያ አንድ ጠቆር ያለ ቁልቁል የወረደ፣
የምሰሶ ውፍረት የሚያህል።
ልነግረው ዞር ስል
ኤክስካቫተሩ ሞተሩን አስነሣ።